አራት ፊደል፣ ዘጠኝ ድምፅ

ወረቀትና እርሳስ አምጡና የእንግሊዝኛውን «ታፍ» ጻፉ፤ ጠንካራ፣ በቀላሉ የማይበገር ማለት ነው። ፊደሎቹ ቲ፣ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ናቸው። ከቲ ቀጥሎ አንዲት ኤች አስገቡ። «ታፍ» የነበረው «ዞው» ይሆናል፤ ትርጉሙም «ቢሆንም» ነው። ካስገባችኋት ኤች ቀጥሎ አር ጨምሩ፤ አሁን «ስሩ» ተብሎ ይነበባል፤ በአንድ ነገር ውስጥ አልፎ መሄድን ያሳያል። ከአሯ በፊት ኦ ሰካ አድርጉ፤ «ሳራ» ይሆናል፣ ጥንቅቅ ያለ ማለት ነው። አሁን አሯንና የሰካችኋትን ኦ ሰርዙና መጨረሻው ላይ ቲ ጨምሩ፤ «ሶት» ይሆናል፣ ሐሳብ። አምስት ቃል ጻፍን። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች አንድ ላይ እንደተያያዙ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አምስት ጊዜ ተለዋወጠ።

ገና ነው። ሳል ማለት የሆነው «ኮፍ» ውስጥ እነዚሁ አራት ፊደላት «ኦፍ» ይባላሉ። የዛፍ ትልቅ ቅርንጫፍ ማለት የሆነው «ባው» ውስጥ «አው» ናቸው። ስቅታ በአሮጌው አጻጻፍ ሲጻፍ «አፕ»፣ አየርላንድ ውስጥ ሐይቅ ሲጠራ ደግሞ «ኦክ» ይሆናሉ። ድምሩ ዘጠኝ ነው።

ልጅ ይህን አይቶ «ለምን?» ሲል ወላጁም መምህሩም ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፣ ሸምድደው» የሚል ነው። መሸምደዱ አይቀርም። ግን ጥያቄው መልስ አለው። መልሱን ለመረዳት ደግሞ አማርኛ አንባቢ ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው፤ እንግሊዝኛ ላይ የደረሰው በራሱም ፊደል ላይ ደርሷልና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂና ኤች ሥራ በነበራቸው ጊዜ

ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ሱዳናዊ የዋና ከተማውን ስም «ኻርቱም» ብሎ ሲጠራ የምላሱ ሥር ወደ ላንቃው ይጠጋና ትንፋሹ እየፋቀ ይወጣል። የትግርኛ ተናጋሪም ኸ ያለበትን ቃል ሲናገር ይህንኑ ያደርጋል። የዛሬ ሺህ ዓመት የእንግሊዝ ገበሬም ይህ ድምፅ ነበረው፣ ያውም በየዕለት ቃላቱ ውስጥ። ሌሊትን «ኒኽት» ይል ነበር፤ ዛሬ «ናይት» ሆኗል። ጠንካራን «ቶኽ» ይል ነበር፤ አሰበን «ሶኽቴ»፣ ገዛን «ቦኽቴ»፣ አልፎ መሄድን የሚያሳየውን ቃል ደግሞ «ሱርኽ»። እነዚህ ዛሬ ታፍ፣ ሶት፣ ቦትና ስሩ የምንላቸው ናቸው።

በዚያ ዘመን ጽሕፈቱ ንግግሩን ይከተል ነበር፤ የጉሮሮውን ድምፅ ብዙውን ጊዜ በአንዲት ኤች ብቻ ይጽፉት ነበር። በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን ሲይዙ ጽሕፈት በፈረንሳይኛና በላቲን በሠለጠኑ ሰዎች እጅ ገባ። በእነዚያ ቋንቋዎች ልማድ ኤች እምብዛም የማትሰማ ደካማ ፊደል ናት፤ ለዚያ ሻካራ ድምፅ አልበቃችም። ለጊዜው «ዮግ» የሚባል፣ ቁጥር 3ን የሚመስል ፊደል ሲሠራበት ቆየ። ቀስ በቀስ ግን ጂና ኤችን አጣምሮ መጻፍ እየተለመደ ሄደ። ስለዚህ ሁለቱ ሲጣመሩ መልእክታቸው ግልጽ ነበር፦ እዚህ ላይ ጉሮሮህን ፋቅ አድርግ።

ዮግም ሳይረብሽ አልሄደም። የስኮትላንድ አታሚዎች የዮግ የብረት ፊደል ስላልነበራቸው በመልክ የሚቀርበውን ዜድ ተኩበት። ለዚህ ነው እንደ ፊደሉ ቢሆን «ሜንዚስ» ተብሎ መነበብ የነበረበት የስኮትላንድ ስም በአገሩ ሰው አፍ «ሚንጊስ» የሚባለው። የታወቀው ፖለቲከኛ የሚንጊስ ካምቤል ስም ሲጻፍ ሁልጊዜ መሐሉ ላይ ዜድ አለ፤ ስሙን በደንብ የሚያውቅ ሰው ግን ዜዷን አያነባትም።

ከጉሮሮ የወጣበት መንገድ

ከመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፈጀ ጊዜ ውስጥ፣ ያ የጉሮሮ ድምፅ ከአብዛኛው እንግሊዛዊ አፍ ወጣ። ሲወጣ ግን በሁሉም ቃል ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ አልወጣም። የዘጠኙ ድምፆች ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ መጥፋት ነው። ድምፁ ከቲ በፊት በመጣበት ቦታ ትንፋሹ እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ቀረ፤ የቀረው ከፊቱ የነበረው ረጅም አናባቢ ነው። «ሶኽቴ» ሶት፣ «ቦኽቴ» ቦት የሆኑት እንዲህ ነው። ስሩና ዞውም በመጥፋት ነው የተገላገሉት። እነዚህ በንግግር መሐል ተጣድፈው የሚታለፉ ትንንሽ ቃላት ስለሆኑ ማንም መጨረሻቸውን አጥብቆ አይጠራቸውም።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ከንፈር መዛወር ነው። ይህን በራሳችሁ አፍ ሞክሩት። «ኋላ» የምትለውን ቃል ጮክ ብላችሁ በሉ፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ከንፈር ክብ ሆኖ ይሞጠሞጣል። ድገሙት፣ አሁን ግን ኋን እንደ ኻርቱሙ ኸ ከጉሮሮ እየፋቃችሁ። በሦስተኛው ጊዜ ጉሮሮውን ተዉትና ትንፋሹን በከንፈሩ በኩል ብቻ ግፉት። የሚወጣው «ፍፍ» የሚል ነገር ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመለየት ይቸገራል። በጥንቱ እንግሊዝኛ እንደ ኦና ኡ ካሉ ከንፈር ከሚያከቡ አናባቢዎች በኋላ የሚመጣው የጉሮሮ ድምፅ እንዲህ ያለ ነበር። ወላጅ ከጉሮሮው ያወጣውን ልጅ ከከንፈር የወጣ መስሎት «ፍ» ብሎ ያዘው፤ ልጁም ለልጁ አስተላለፈው። «ቶኽ» ታፍ ሆነ፤ ራፍ፣ ኢናፍና ኮፍም በዚሁ መንገድ መጡ። ከንፈር ክብ ሆኖ ከጉሮሮ ለሚወጣው ለዚህ ድምፅ ግእዝ ለብቻው የተቀረጸ ፊደል አለው፤ ኈ ናት። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ፊደል ኖሮት አያውቅም።

ሦስተኛው መንገድ መለስለስ ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ስሞች እንደየአገባባቸው መጨረሻቸው ላይ ቅጥያ ይጨምሩ ነበር። ቅጥያው በአናባቢ ሲጀምር የጉሮሮው ድምፅ በሁለት አናባቢዎች መካከል ይገባና ለስልሶ ወደ «ው» ይጠጋል፤ ውሎ አድሮም አናባቢው ውስጥ ይሟሟል። ቅጥያ በሌለበት ጊዜ ግን ሻካራ እንደሆነ መጨረሻው ላይ ይቀመጣል፣ ኋላም «ፍ» ይሆናል። እንግዲህ አንድ ቃል ሁለት መልክ ይኖረዋል ማለት ነው። አንዳንዱ ቃል በሻካራው ረጋ፣ አንዳንዱ በለስላሳው። ባውና ፕላው፣ ማለትም ቅርንጫፍና ማረሻ፣ በለስላሳው የረጉ ናቸው።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑ፣ ሁለቱንም መልክ ይዘው የቀሩ ቃላት አሉ። «በቂ» ማለት የሆነው ኢናፍ «ኢናው» የሚባል መንትያ ነበረው፤ ለብዙ ቁጥር ያገለግል ነበር። ኤድዋርድ ፊትዝጀራልድ በ1859 ባወጣው የዑመር ኻያም ትርጉም ውስጥ ይገኛል፤ ዛሬ ከግጥም ውጭ አይታይም። ሊጥ ማለት የሆነው ዶው ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ ሰው አፍ «ዳፍ» ነበር። ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በዘቢብ የሚሠራ «ፕላም ዳፍ» የሚባል የተቀቀለ ጣፋጭ አለ። ስሙ ላይ ያለው ዳፍ ያው ሊጡ ነው፤ እንደሚሰማው በዲ፣ በዩና በሁለት ኤፍ ስለተጻፈ ብቻ ዘመድነቱ ተረሳ። ሄንሪ ፊልዲንግ በ1749 ባሳተመው «ቶም ጆንስ» ውስጥም የባላገሩ ጌታ ስኳየር ዌስተርን ዞውን «ዞፍ» ይላል። እኛ ዞው የምንለው ቃል ታፍን ተከትሎ ሊሄድ ምንም አልቀረው ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ አናባቢዎቹ ራሳቸው ተንቀሳቀሱ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች በሙሉ ቦታ ቀያየሩ፤ የቋንቋ ምሁራን ታላቁ የአናባቢዎች ሽግሽግ ይሉታል። ቤት «ሁስ» ነበር፣ «ሃውስ» ሆነ። «ቡ» ወደመባል ደርሶ የነበረው ቅርንጫፍም አብሮት «ባው» ሆነ። ታፍና ራፍ ግን «ፍ» ስትመጣባቸው አናባቢያቸው አጥሮ ስለነበር ሽግሽጉ አልነካቸውም፤ የሄዱት በሌላ አቅጣጫ ነው። ሦስት የተለያየ መውጫ፣ በዚያ ላይ የሚንቀሳቀስ አናባቢ፤ ዘጠኝ ድምፅ ቢወጣው ምን ይገርማል?

ማተሚያ ቤቱ ሲደርስ

ድምፁ እንዲህ ሲበታተን አጻጻፉ ለምን አብሮ አልተቀየረም? ጊዜው ገጥሞበት ነው። ብዙ ዓመት ብሩዥ የኖረው ነጋዴ ዊልያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚኒስተር ላይ የእንግሊዝን የመጀመሪያ ማተሚያ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ የጉሮሮው ድምፅ በአንዱ አፍ አለ፣ በሌላው የለም፣ በሦስተኛው «ፍ» ሆኗል። አታሚ ይህን ሁሉ ቆጥሮ አይጽፍም፤ ከቀደሙት ጸሐፊዎች ያገኘውን ይዞ ይቀጥላል። አንዴ በሺህ ቅጂ ከተበተነ በኋላ ደግሞ የአንባቢ ዓይን ይለምደዋል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ ጂና ኤች በእነዚህ ቃላት ላይ ድምፃቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቦታቸውን ግን ማንም አልነካባቸውም። ባለሱቁ ከለቀቀ በኋላ በሩ ላይ እንደቀረ ታፔላ ማለት ናቸው፤ ውስጥ የሚሸጠው ተቀይሯል፣ ሰፈሩ ግን ሱቁን የሚያውቀው በድሮው ስም ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያልን የምንለያቸው ሦስት ፊደላት በአማርኛ ተናጋሪ አፍ አንድ ናቸው። በጥንቱ ግእዝ ግን ሦስት ድምፅ ነበሩ። ሐን ትግርኛ እስከ ዛሬ ለይቶ ይጠራታል። ብዙኃኑ ኀ ደግሞ ያው የኻርቱሙ፣ የጥንቱ እንግሊዛዊ ገበሬ የጉሮሮ ድምፅ ነበረች። ማኅበር፣ ኅዳር፣ ኃይል፣ ኃጢአት ስንጽፍ በብዙኃኑ የምንጽፈው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛና አማርኛ ዝምድና የላቸውም፤ ግን አንዱን ድምፅ ሁለቱም ጥለውታል፣ ፊደሉን ደግሞ ሁለቱም ይዘው ቀርተዋል።

ልዩነቱ አወዳደቁ ላይ ነው። ኀ ስትጠፋ በሁሉም ቃል ላይ እኩል ሀ ሆነች፤ ስለዚህ አማርኛ አንባቢ ማኅበርን በየትኛውም ሀ ቢያገኘው ማንበብ አያቅተውም፣ የሚቸገረው ጸሐፊው ነው። የእንግሊዝኛው ድምፅ በየቃሉ የተለያየ መንገድ ስለሄደ ጸሐፊውም አንባቢውም ይቸገራሉ። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው የእኛ ክርክር ግን ከእነሱ ክርክር ጋር አንድ ነው። ይቀነሱ የሚለው ወገን ልጆችን ከድካም እናሳርፍ ይላል። አይቀነሱ የሚለው ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ የሚባለው ሠረቀ ከሌባው ሰረቀ የሚለየው በፊደሉ ነው ብሎ ይመልሳል።

ከመንገድ ዳር የቀሩት

በየቀኑ የማይነገሩ፣ እነዚሁን አራት ፊደላት የያዙ አሮጌ ቃላት አሉ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲያነቧቸው ቆም ይላሉ።

«ቻፍ» ወፍ ነው። ጥቁር፣ የቁራ ወገን፣ መንቁሩና እግሩ ደማቅ ቀይ። ስሙ መጀመሪያ ጃክዶው የሚባለው ሌላ የቁራ ዘመድ ከጩኸቱ ያገኘው ነበር፤ በኋላ ወደ ቀይ መንቁሩ ዞረ። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የኮርንዎል አርማ ላይ ያለው እሱ ነው፤ የንጉሥ አርተር ነፍስ ወደዚህ ወፍ ገብታለች የሚል አፈ ታሪክም አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከኮርንዎል ጠፍቶ ነበር፤ በ2001 ማንም ሳያመጣው በርሮ ተመለሰ። ይህን ወፍ ለማየት ግን ኮርንዎል መሄድ የለብንም፤ ከሰሜን ተራሮችና ከባሌ ተራሮች ውጭ የትም የማይገኝ የራሱ ንዑስ ዝርያ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። ሰሜን ተራሮች ላይ ከገደሉ አፋፍ ሥር በነፋስ የሚንሳፈፍ ቀይ መንቁር ያለው ጥቁር ወፍ ካያችሁ እሱ ነው።

«ክላፍ» በሰሜን እንግሊዝ በተራራ መሐል የተሰነጠቀ ጠባብና ቀጥ ያለ ሸለቆ ነው። በ1932 የማንቸስተር አካባቢ ሠራተኞች ለባለርስቶች ብቻ የተከለለውን የኪንደር ስካውት ተራራ በብዛት ሆነው ሲወጡ ያለፉት ዊልያም ክላፍ በሚባለው ሸለቆ በኩል ነው። ከቃሉ የወጣ የቤተሰብ ስምም አለ። ኖቲንግሃም ፎረስትን ይዞ በ1979ና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ ያነሣውን አሠልጣኝ ብራያን ክላፍን የእግር ኳስ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስሙን ተጽፎ ብቻ ያየ ሰው «ክላው» ወይም «ክሎው» ቢለው አይፈረድበትም።

«ሳፍ» ወይም «ሳው» ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ነፋስ በዛፍ መሐል ሲያልፍ የሚያሰማው የሹክሹክታ ድምፅ ነው። ሌላው በደርቢሻየር የእርሳስ ማዕድን ማውጫዎች ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ ለማስወጣት ከተራራው ሥር የሚፈለፈል ቦይ ነው፤ ይህኛው ሁልጊዜ «ሳፍ» ነው። ሪቻርድ አርክራይት በ1771 በክሮምፎርድ የጥጥ መፍተያውን ሲያቆም መሣሪያውን ያዞረለት ውኃ በከፊል የመጣው ከእንዲህ ያለ ቦይ ነበር። ከተራራ ሥር የሚወጣ ውኃ ሞቅ ስለሚል በክረምት አይረጋም፤ ፋብሪካውም አይቆምም።

«ስላው» ረግረግ፣ ማጥ ነው። ጆን በንያን በ1678 ባሳተመው የመንፈሳዊ ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ መንገደኛው ክርስቲያን ገና ሳይርቅ የሚገባበት የተስፋ መቁረጥ ማጥ ስሙ ይኸው ነው። ከሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የስላው ከተማም ስሙን ያገኘው ከረግረግ ነው። አሜሪካኖች ግን ረግረጉንና የውኃ ክንዱን ብዙ ጊዜ «ስሉ» ይሉታል። ይኸው አጻጻፍ ሳይለወጥ እባብ የገፈፈው ቆዳ ማለት ሲሆን ደግሞ «ስላፍ» ተብሎ ይነበባል። ባለ ስድስት ፊደል ቃል፣ ሦስት ንባብ።

«ሮት» የሥራ ቃል ነው። ዛሬ ወርክ የሚባለው ግሥ ኃላፊው ይኸው ነበር፤ «ዎርኽቴ» ነበርና ድምፆቹ ቦታ ተለዋውጠው «ሮኽቴ»፣ ኋላም «ሮት» ሆነ። ዛሬ የቀረው «ሮት አይረን» ላይ ነው፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት። ሳሙኤል ሞርስ በግንቦት 1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በቴሌግራፍ ያስተላለፈው የታወቀ መልእክት የመጨረሻ ቃሉ ሮት ነው።

ሳይዘመዱ የገቡት

ከዘጠኙ ድምፆች ጥቂቶቹ ከጉሮሮው ታሪክ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ልብሱን ለብሰው የገቡ ናቸው። ስቅታ ድሮም ዛሬም «ሂከፕ» ነው፣ ድምፁን አስመስሎ የወጣ ስም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎች የሳል ዘመድ መሰላቸውና መጨረሻውን እንደ ሳል ጻፉት። ንባቡ አልተቀየረም፤ ስለዚህ ጂና ኤች ያለአበሳቸው «ፕ» ተባሉ።

ድርቅ ማለት የሆነው «ድራውት» ከደረቅ የወጣ ቃል ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ቲ ድሮ በምላስ ጫፍ የምትባል ሌላ ድምፅ ነበረች። ለዚህ ነው ከሶትና ከቦት ጋር የማይገጥመው። «ፈርሎው» ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሆላንድኛ የመጣ የወታደር የዕረፍት ፈቃድ ነው። በሆላንድኛ መጨረሻው «ፍ» ነበር፤ እንግሊዝኛ «ፍ»ን በጂና በኤች ጻፈላት፣ ቆይቶም ድምፁን ጣላት። በ2020 የኮሮና ጊዜ እንግሊዝ አገር ሥራ የነበራቸው ወገኖቻችን ይህን ቃል በደንብ ያውቁታል፤ መንግሥት የደመወዙን አብዛኛውን እየሸፈነ ሠራተኛ ቤቱ የተቀመጠበት ፈቃድ ስሙ ይህ ነበር።

የአየርላንዱ «ሎክ» የተገላቢጦሽ ነው። አይሪሾች የጉሮሮውን ድምፅ አልጣሉትም፤ ሐይቅን «ሎኽ» ይላሉ። እንግሊዞች የቦታ ስሞቻቸውን ሲጽፉ የለመዱትን አጻጻፍ ሰጧቸው፤ ማንበቡ ላይ ግን ጉሮሮአቸው እምቢ ሲላቸው «ክ» አሉት። በዩናይትድ ኪንግደም በስፋቱ የሚበልጠው፣ 390 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የሰሜን አየርላንድ ሐይቅ ሎክ ኔይ የሚጻፈው እንዲህ ነው።

«ብራ» የሚሉት የከተማ ስም መጨረሻ ግን የቤት ልጅ ነው። መነሻው «ቡርኽ»፣ የታጠረ ምሽግ ነው። ከ871 እስከ 899 የነገሠው ታላቁ አልፍሬድ ቫይኪንጎችን ለመከላከል በየቦታው ያቆማቸው ምሽጎች ስማቸው ይህ ነበር። ፒተርብራ፣ ስካርብራ የሚባሉት ከተሞች ጭራቸው እሱ ነው፤ የኤዲንብራም መጨረሻ ዘመዱ ነው። «ላፍብራ» የሚባል ከተማ አለ፤ አራቱ ፊደላት በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፣ መጀመሪያ «አፍ» ኋላ «አ» ተብለው። ለንደን ውስጥ ግሬት ማርልብራ የሚባል መንገድ አለ፤ የሲጋራ አምራቹ የፊሊፕ ሞሪስ ፋብሪካ እዚያ ነበር። የመንገዱ ስም የመጨረሻ ሦስት ፊደላት ተቆርጠው በየኪዮስኩ የሚሸጠው ማልቦሮ ሲጋራ ስም ሆነ።

ሊያስተካክሉት የሞከሩ

መቁረጡን በስፋት የሞከሩት አሜሪካኖች ናቸው። ኖህ ዌብስተር በ1828 መዝገበ ቃላቱ ማረሻን በደብልዩ አሳጥሮ ጻፈ፤ አሜሪካ ያንን ተቀበለች፣ እስከ ዛሬም እንዲያ ትጽፋለች። በ1906 በቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ ገንዘብ የአጻጻፍ ማቅለያ ቦርድ ተቋቋመ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም በዚያው ዓመት ነሐሴ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ቦርዱ ያቀረባቸውን 300 ቃላት በአጭሩ እንዲጽፍ አዘዘ፤ ዞው፣ ስሩና ሳራ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ጋዜጦች አፌዙ፣ ምክር ቤቱም በታኅሣሥ ተቃወመው፣ ሩዝቬልት ትእዛዙን ሳበ። የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ እነዚህኑ ሦስት ቃላት አሳጥሮ ሲጽፍ ቆይቶ በ1975 ተወው።

ለምን አልያዘም? አጻጻፍን በድምፅ እናስተካክል ሲባል በማን ድምፅ የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሳራን እንግሊዙ «ሳራ» ሲል አሜሪካዊው «ሰሮው» ይላል፤ ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ናይትን ዛሬም «ኒኽት» ሊል ይችላል። እንደየአፉ ቢጻፍ አንዱ የሌላውን ጋዜጣ ለማንበብ ይቸገራል። ያ የማይነበብ ጂና ኤች ለሁሉም እኩል ባዕድ ስለሆነ ሁሉም ይስማሙበታል። አጫጭሮቹ የቀሩት ታፔላና ማስታወቂያ ላይ ነው፤ መኪና ውስጥ ሆኖ ምግብ የሚታዘዝበት መስኮት ላይ ስሩ በአራት ፊደል ተጽፎ ይታያል፣ ዶናት ሻጩም ሦስቱን ፊደላት ቆርጧል።

ልጁ እንዴት ይያዘው?

እነዚህን አራት ፊደላት የያዙት የተለመዱ ቃላት ሠላሳ አይሞሉም። ታሪኩን ካወቁት ሸክሙ ይቀንሳል፤ ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በሄዱበት መንገድ መመደብ ይቻላልና።

ከአራቱ ፊደላት በኋላ ቲ ካለች ንባቡ «ኦት» ነው፦ ሶት፣ ቦት፣ ብሮት፣ ፎት፣ ሮት፣ ኖት። ከተለመዱት ውስጥ ከዚህ የሚያፈነግጠው አንድ ብቻ ነው፣ ድርቅ። በአንድ ጊዜ ከስድስት የማያንሱ ቃላት ተሸነፉ ማለት ነው። ቀጥሎ «ፍ» የሚሉትን አምስት ለብቻ ያዙ፦ ታፍ፣ ራፍ፣ ኢናፍ፣ ኮፍ፣ እንዲሁም ገበቴ ማለት የሆነው ትሮፍ። «አው» የሚሉት ባውና ፕላው ናቸው። «ኦው» የሚሉት ዞው፣ እሱ ላይ ኦል የተጨመረበት ኦልዞውና ሊጡ ዶው ናቸው። ስሩና ሳራ ለየብቻቸው ናቸው። የከተማ ስም ሲመጣ «ብራ» በሉ። የተቀሩት ወፉ፣ ሸለቆው፣ ረግረጉና ሐይቁ ናቸው፤ እነሱን አለማወቅ ለፈተና አያሰጋም።

ልጁ አሁንም «ጂና ኤች ለምን እዚያ ተቀመጡ?» ካለ «ድሮ ይነበቡ ስለነበር ነው» በሉት። ካላመነ ማኅበር የሚለውን ቃል በብዙኃኑ ጽፋችሁ «ይህችስ?» ብላችሁ ጠይቁት።